ያልተነቀለችው የፊት ጥርሴ

ባለፈው ክረምት ማብቂያ የመጨረሻ ልጄ ተመረቀና ጎንደር ፒያሳ አጠገብ ካለ ፎቶ ቤት ገብተን አብረን ተነሣን። በኋላ ፎቶውን ልቀበል ስሄድ ፎቶ አንሺው ደስ ብሎት አቀበለኝ። አየሁት። ልጄ ያው ልጄ ነው፤ ሻርፔም ያው የራሴ ነው፤ አፌ ግን የሌላ ሰው አፍ ሆኗል።

«ምን አድርገኸው ነው?» አልኩት።

«እናቴ፣ ያቺን የጠቆረች ጥርስ በኮምፒውተር አነጣኋት። ለእርስዎ ብዬ ነው።»

«እንደነበረች አድርግልኝ።»

የቀለድኩ መስሎት ሳቀ። ወንበር ስቤ ስቀመጥ ግን ሳቁን ተወና ሥራውን ጀመረ። እስኪጨርስ ጠበቅሁት።

የላይኛዋ የፊት ጥርሴ የእርሳስ ቀለም አላት። የበሰበሰች የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አልበሰበሰችም። ነርቯ ሞቷል፤ እሷ ግን እስከ ዛሬ ዳቦም ሥጋም ትቆርስልኛለች። ስለ እሷ ስንት ክርክር እንደተካሄደ ያ ልጅ በምን ይወቀው?

ያደግሁት ሱዳን፣ ገዳሪፍ ነው። አባቴ በድርቁ ጊዜ ድንበር ሲሻገር እኔ ገና ትንሽ ልጅ ነበርኩ። እናቴ ሞታ ስለነበር በጀርባዋ አዝላ ያሻገረችኝ፣ ኋላም ያሳደገችኝ የአባቴ እህት ሩቂያ ናት። አባቴ ገበያው ውስጥ የቅመማ ቅመም ሱቅ ከፈተ። ከሱቁ ጀርባ ግመል እየዞረ የሚያንቀሳቅሰው የሰሊጥ ዘይት መጭመቂያ ነበርና ልብሳችን፣ ፀጉራችን፣ እንጀራችን ሳይቀር ሰሊጥ ሰሊጥ ይሸት ነበር። ገዳሪፍን ሳስብ ከሁሉ ቀድሞ የሚመጣብኝ ያ ሽታ ነው።

ጥርሴን የመታኝ የባሱንዳ መንገድ ነው። አባቴ እዚያ ከዘመድ ጋር የተከራያት የሰሊጥ መሬት ነበረችው፤ በኸሪፍ፣ ማለት በዝናቡ ወራት፣ ለአረም እንሄድ ነበር። የዚያ አገር ጥቁር አፈር ሲርስ እንደ ሙጫ ይይዛል። ስንመለስ የተሳፈርንበት የትራክተር ተጎታች ጎድጓድ ውስጥ ገብቶ ዘለለና አፌ ከብረቱ ጠርዝ ጋር ተላተመ። ደም መጣ፤ ጥርሴ ግን አልተሰበረችም። ጥቂት ቀን ነቃነቀችና ጸናች። እኔም ረሳኋት። እሷ ግን ቀስ እያለች መጥቆር ጀመረች። በዓመቱ፣ ሰሊጥ ሲታጨድ፣ አንድ ጠዋት ከንፈሬ ወደ አፍንጫዬ ተነፍቶ ነቃሁ።

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የዘጠናዎቹ ማብቂያ ላይ ነበርን። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ታጭቻለሁ። እጮኛዬ እድሪስ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ነው፤ መልከ መልካም፣ ዝምተኛ፣ ጫማው ሁልጊዜ የሚያብለጨልጭ። ሰርጉ ከመከር በኋላ ተቆርጧል። ሩቂያ የጨው ውኃ አጉመጠመጠችኝ፤ ቅርንፉድ አላምጣ ድዴ ላይ ለጠፈችልኝ። ቅርንፉድ ለጥቂት ጊዜ ያደነዝዛል፤ ከዚያ ሕመሙ እንደገና እስከ ዓይን ድረስ ይወጣል። መተኛት አቃተኝ። ራሴን ትራስ ላይ ባሳረፍኩ ቁጥር የልቤን ምት ጥርሴ ውስጥ እሰማዋለሁ። ቁራሽ እንጀራ እንኳ በወተት አርሼ፣ በጎን መንጋጋዬ ነበር የምውጠው።

የእድሪስ እናት ሐጃ ፋጡማ ይህን ሰምታ መጣች። ደግ ሴት ናት፤ ስትመጣ ባዶ እጇን አትመጣም። የዚያን ቀን ግን አገጬን በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ ብርሃን አዞረችውና ከእኔ ጋር ሳይሆን ከአባቴ ጋር አወራች።

«ይቺ ትነቀላለች። በቦታዋ ወርቅ እናስገባለን፤ ወጪው የእኛ ነው። ሙሽራ በጠቆረ ጥርስ አትወጣም።»

«አላህ ይስጥልኝ» አለ አባቴ።

«ነገ ሐኪሙ ጋ እንወስዳታለን» አለች ሐጃ ፋጡማ። «ተነጋግረን ጨርሰናል።»

«ከማን ጋር ነው የተነጋገራችሁት?» አልኩ እኔ። ከንፈሬ አብጦ ስለነበር በደንብ አልተሰማልኝ ይሆናል። ሐጃ ፋጡማ ወደ አባቴ ዞራ ስለ ወርቁ ማውራቷን ቀጠለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። የወርቅ ጥርስ ያኔ ውበት ነበር፤ ብዙ ጓደኞቼ ጤነኛ ጥርሳቸውን ሞርደው ያስለብሱ ነበር። ወርቁን ጠልቼ አይደለም። መነቀልም ቢሆን ግድ ከሆነ እነቀላለሁ። ግን አገጬ እንደሚገዛ በግ አገጭ ተይዞ ሲታይ፣ ስለ አፌ ሲወራ አፌን ማንም ሳይጠይቀው ሲቀር፣ ከሕመሙ የበለጠ ነገር ተቀጣጠለብኝ።

በማግሥቱ አባቴና ሐጃ ፋጡማ ገበያው ዳር ወዳለች ትንሽ የጥርስ ክሊኒክ ወሰዱኝ። ወረፋው እስከ ውጭ ደርሷል፤ ጉንጩን በጨርቅ ያሰረ ገበሬ፣ ድዷ እየደማ የምትተፋ ነፍሰ ጡር፣ ከረሜላ የበላው መንጋጋው ተቦርቡሮ የሚያለቅስ ሕፃን። ሐኪሙ ሱዳናዊ ነው፤ ደክሞታል። በትንሿ የጥርስ መስታወት ዘንግ ጥርሴን መታ መታ ሲያደርጋት ከወንበሩ ልነሣ ምንም አልቀረኝ።

«ነርቩ ሞቷል፤ ከሥሩ መግል ቋጥሯል» አለ በዐረብኛ። «እንነቅለዋለን፤ ትገላገያለሽ።»

ማደንዘዣውን ሊወጋኝ መርፌውን ሲያነሣ አፌን ዘጋሁ።

«ክፈቺ» አለኝ።

ራሴን ነቀነቅሁ።

«ክፈቺ፣ ልጄ» አለ አባቴ። «ሰው እየጠበቀ ነው።»

ሐጃ ፋጡማም ከበሩ በኩል «አይዞሽ፣ አያምም» አለች። ለመናገር መክፈት ስለነበረብኝ አፌን በእጄ ከለል አድርጌ፣ «ዶክቶር፣ ከመንቀል ሌላ መንገድ የለም?» ብዬ ጠየቅሁት።

ሰውዬው መርፌውን አስቀመጠ። እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው ብዙ እንዳልነበረ ፊቱ ላይ ታየኝ። «አለ» አለ። «ሥሩን ከፍቶ፣ መግሉን አጥቦ፣ መሙላት ይቻላል። እኔ ግን መሣሪያው የለኝም። ከሰላ ከተማ አንድ ሐኪም አለ። ግን ለአንድ ጥርስ ያን ያህል መንገድ?»

«እሄዳለሁ።»

«ዘሀራ!» አለ አባቴ። በሰው ፊት ስሜን በዚያ ድምፅ ጠርቶኝ አያውቅም ነበር። እኔም በሰው ፊት ያደረግሁትን አድርጌ አላውቅም፤ ከወንበሩ ወረድኩና ሻርፔን አስተካክዬ ወጣሁ። ሐኪሙ የሚዋጥ መድኃኒት ጽፎ በአባቴ እጅ ላከልኝ። ለእሱ እስከ ዛሬ ክፉ ቃል የለኝም፤ የጠየቅሁትን መልሶልኛል።

ቤት ስንገባ አባቴ ተቆጣ። «ሰርግ ደርሶ፣ ልጃገረድ ልጅ፣ በዚህ መንገድ፣ በዚህ ፍተሻ፣ ከሰላ ድረስ! ሰው ምን ይላል?»

«ሰው የሚለውን ይበል፣ አባዬ። የሚያመው እኔን ነው። እርስዎ ካልፈቀዱ አፌን ሳልከፍት እቀመጣለሁ።»

«ትሞቻለሽ እንጂ አትቀመጪም!» አለ። እውነቱን ነበር፤ የዚያን ዕለት እብጠቱ ዓይኔ ሥር ደርሷል።

ሩቂያ እስከዚያ ሽንኩርት ትልጥ ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠችና፣ «እኔ እወስዳታለሁ» አለች። ወንድሟን አንድ ቀን እምቢ ብላው የማታውቅ ሴት ናት። አባቴ ጥቂት አያትና መልስ ሳይሰጥ ወደ ሱቁ ሄደ። እኛ ያንን ዝምታ ፈቃድ ነው ብለን ወሰድነው።

በማለዳ አውቶቡስ ተነሣን። ከመንገዱ ግራና ቀኝ የታጨደው ማሽላ ተከምሯል፤ ግመሎች በመንጋ ይሄዳሉ፤ አቧራው በመስኮቱ ገብቶ ያበጠው ከንፈሬ ላይ ያርፋል። ሾዋክ የምትባል ከተማ ላይ ሰው ፉል ሊበላ ሲወርድ ለእኔ ሽታው ብቻ ደረሰኝ። ከዚያ ጥቂት እንደሄድን ለፍተሻ ቆምን። አንድ ወጣት ወታደር ወረቀቶቻችንን አገላበጠና ሩቂያን «አንቺ እለፊ» አላት፤ እኔን ግን «የአንቺ ታስሪህ ከገዳሪፍ አያስወጣም፤ ውረጂ» አለኝ። ታስሪህ የምንለው የጉዞ ፈቃዱን ነው። የእኔ ጊዜው አልፎበት ኖሯል።

«አልወርድም» አልኩት።

«ምን አልሽ?»

ሻርፔን ከፊቴ ላይ ገለጥ አደረግሁና እብጠቱን አሳየሁት። «ሐኪም ጋ ነው የምሄደው። ስመለስ እሰረኝ። አሁን ግን አልወርድም።»

ሾፌሩ ማጉረምረም ጀመረ። ሩቂያ ክንዴን አጥብቃ ያዘች። ያን ጊዜ ከኋላ ወንበር አንድ ሽማግሌ ተነሡ። ፀጉራቸው የተንጨባረረ፣ ሰደርያ የለበሱ የቤጃ ጎሣ ሰው ናቸው፤ መፋቂያቸውን ከአፋቸው ሳያወጡ ጉንጫቸውን ያዙና ለወታደሩ፣ «እኔም ለጥርሴ ነው የምሄደው፤ ወደዚያው ሐኪም። ሦስት ሌሊት አልተኛሁም። ከእኔ ጋር ናት፤ እሷን ካወረድክ እኔም እወርድና እዚሁ ስጮህብህ እውላለሁ» አሉት። አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። ወታደሩም ሳይፈልግ ሳቀና ወረቀቴን ጭኔ ላይ ወርውሮ ወረደ።

ከሰላ ስንገባ እነዚያ እንደ እንቁላል የተላጡ ተራሮች ከከተማው በላይ ቆመዋል፤ መንገዱ ዳር የብርቱካንና የሙዝ ክምር። ሐኪሙ ቀጭን፣ ቁጥብ ሰው ነው። ራጅ አነሣኝና ፎቶግራፉን ወደ መስኮቱ አንሥቶ ጥርሴ ሥር ያለችውን ጥቁር ክብ አሳየኝ።

«መግሉ ያለው እዚህ ነው። እሞክራለሁ፤ ቃል ግን አልገባልሽም። ካልዳነ እነቅለዋለሁ። ተስማማሽ?»

«ካልዳነ ራሴ ክፍት አፌን ይዤ እመጣለሁ» አልኩት። የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር።

አደነዘዘኝና ጥርሴን በጀርባዋ በኩል በሳት። መግሉ ሲወጣ ክፍሉ ሸተተ፤ እኔ አፈርኩ፤ እሱ ምንም አልመሰለውም። ከዚያ እንደ ስፌት መርፌ የቀጠኑ ሞረዶችን በጣቱ እያሽከረከረ ሥሩን ፈቀፈቀ፣ አጠበ፣ መድኃኒት ከትቶ ለጊዜው ደፈነ። ያን ቀን፣ ከስንት ጊዜ በኋላ፣ የልቤን ምት ደረቴ ውስጥ ብቻ ሰማሁት። ሩቂያ የምታውቃት ሴት ቤት ተቀምጠን እየተመላለስኩ ሥሩን አሳጠብኩ፤ ሥሩ መድረቁን ሲያረጋግጥ ለዘለቄታው ሞላው። ሽማግሌውን የመጀመሪያው ቀን እዚያው አገኘኋቸው፤ የእሳቸው መንጋጋ ተነቅሎ፣ ጥጥ ነክሰው፣ በእጃቸው ምልክት ብቻ ደህና ሁኚ አሉኝ።

«ከዚህም በላይ ትጠቁራለች» አለኝ ሐኪሙ በመጨረሻ። «እስከ መቼ እንደምትቆይ አላውቅም።»

ገዳሪፍ ስመለስ ወሬው ቀድሞኛል። እድሪስ ራሱ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ጫማውን ያያል።

«እናቴ አሁንም ወርቁን አስገቢ ትላለች። አለበለዚያ ሰርጉ ይቆይ ትላለች።»

«የእናትህን ሰምቻለሁ። አንተስ ምን ትላለህ?»

«ምን አለበት?» አለ። «አንድ ጥርስ እኮ ናት።»

«አዎ፣ አንድ ጥርስ ናት» አልኩት። «አንተ ግን ለአንድ ጥርስ እንኳ የራስህ ቃል የለህም። ሰርጉ አይቆይ፤ ይቅር።»

ያለቀስኩት ከሄደ በኋላ ነው። ወድጄው ነበር።

አባቴ ለወራት ከሚያስፈልገው በላይ አላናገረኝም። አንድ ቀን ምሳውን ይዤለት ስሄድ ግን፣ ከመጋረጃው ጀርባ ለአንድ ደንበኛው ሲያወራ ሰማሁት። «የእኔ ልጅ አንዴ አፏን ከዘጋች ሐኪምም አይከፍተው፣ ወታደርም አይከፍተው!» ይላል፤ እየሳቀ ነው። ምሳውን አስቀምጬ ሳልታይ ተመለስኩ።

ይህን ታሪክ የሰሙ ሴቶች፣ «ለጥርስ ብለሽ የሞላ ቤት አጣሽ» ይሉኛል። አዎ፣ አጥቻለሁ። እድሪስ ሀብታም ሆኖ፣ ሚስቱን አክብሮ እንደሚኖር ሰምቻለሁ። እኔ ለዓመታት የሰሊጥ መጋዘን ውስጥ በወንፊት ስነፋ ኖርኩ፤ ዘግይቼ አገባሁ፤ ጎንደር ገባሁ፤ ብዙ ችግር አየሁ። አላህ ካሰኝ ብዬ ታሪኩን አላሳምረውም። ኋላ ሁለት መንጋጋዎቼ ሲበሰብሱ ሐኪሙ ምክንያቱን አስረዳኝ፤ እኔም ያለ ክርክር አፌን ከፈትኩለትና ነቀላቸው። ነገሩ ጉጠት መፍራት አልነበረም።

እምቢታ ከዚያ ወንበር ላይ ተጀምሮልኝ ብዙ ቦታ ጠቅሞኛል፤ አንዳንድ ቦታም ዋጋ አስከፍሎኛል። አሁንም ሰዎች ተሰብስበው ስለ እኔ ተነጋግረን ጨርሰናል ሲሉኝ፣ ከማን ጋር እንደተነጋገሩ እጠይቃቸዋለሁ። እኔን ጨምረው እንደ አዲስ ሊጀምሩ ካልፈለጉ፣ እነሱ ጨርሰው ይሆናል እንጂ እኔ ገና ነኝ።