«ቀሪ» ያልኳት ተማሪ

መካኒሳ አካባቢ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሥራ በጀመርኩበት ቀን ዩኒት ሊደሩ የስም መጥሪያ ደብተርና አንድ ፓኬት ጠመኔ ሰጡኝ። «ስም ከነአያት ነው የሚጠራው፤ ሞክሼ ይበዛብሻል» አሉኝ። የሒሳብ መምህርት ነኝ፤ ሥርዓት እወዳለሁ። ለዓመታት እንደታዘዝኩት ጠራሁ።

ጡረታ ልወጣ ትንሽ ሲቀረኝ፣ የሰባተኛ ክፍል ኃላፊ ሳለሁ፣ ሳሮን የምትባል ተማሪ ነበረችኝ። በመጀመሪያው ሴሚስተር ሦስተኛ ወጣች። በሁለተኛው ውጤቷ አሽቆለቆለ፤ ስሟን ስጠራም «አቤት» የሚል ጠፋ። ቀና ሳልል «ቀሪ» እጽፋለሁ። ስልሳ ልጅ ነው፤ ፔሬዱ አርባ ደቂቃ። በመስኮቱ በኩል ካለው ረድፍ ሳቅ እሰማለሁ፤ «ዝም በሉ!» ብዬ አልፋለሁ።

ቀሪ የበዛበት ተማሪ ለማጠቃለያ ፈተና አይቀመጥም። የሳሮን ስም ከማይፈተኑት ጋር ተለጠፈ። አባቷ የለቡ መስመር ታክሲ ሹፌር ናቸው፤ በማግስቱ ልጃቸውን እየጎተቱ መጡ።

«በየቀኑ በር ድረስ የማደርሳት እኔ ነኝ! የት ሄዳ ነው የቀረችው?»

ሳሮን መሬት መሬት እያየች፣ «ክፍል ነበርኩ» አለች። «ጥግ ላይ ነው የምቀመጠው። አቤት ስል በአያቴ ስም ይስቃሉ፤ ‹አገርሽ ግቢ› ይሉኛል። ቲቸር፣ እባክዎ በቁጥር ይጥሩኝ።»

አባትየው ወደ ልጃቸው ዞሩ። «የአባቴ ስም ምን ሆነና?» እኔ መግቢያ ቀዳዳ አጣሁ። ብሔራቸውን አልጽፍም፤ በጎረቤት ክፍል ደግሞ የሚሰደበው ሌላ ብሔር ነበር።

ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ገባሁ። «መጥሪያው ተፈርሟል እኮ፣ መምህርት። ከሰረዝሽው ማስጠንቀቂያ ይጻፍብሻል» አሉ።

«ይጻፍብኝ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

እያንዳንዱን «ቀሪ» ሰርዤ አጠገቡ ፈረምኩ። የማስጠንቀቂያው ደብዳቤ እስከ ዛሬ ማህደሬ ውስጥ አለ።

በማግስቱ መስኮቱ ጋ ቆሜ ሙሉ ስሟን ጠራሁ። አንዱ አፉን በእጁ ሸፈነ።

«ተነሥ። የሚያስቀውን ለሁላችንም ንገረን።»

እጁን ከአፉ አውርዶ አቀረቀረ። እንደገና ጠራኋት።

«አቤት» አለች፣ በጭንቅ።

ተፈተነች፤ ሠላሳ አንደኛ ወጣች። ቀሪውን ብሰርዝላትም፣ ክፍል ተቀምጣ ያልሰማችውን ትምህርት አልመለስኩላትም።

ለወጣት መምህራን የምለው ይህን ነው፦ ጎበዝ ተማሪ ድንገት ሲወርድ፣ ሰነፈ ከማለታችሁ በፊት ማን ምን እንደሚለው ጠይቁ።