የማንም ያልሆነ ዶሮ

«አትጠይቂያት» አልኳት። «አንጠይቅም ተባብለን የለ እንዴ።»

«ተባብለን ነበር። ዛሬ ግን እጠይቃለሁ» አለችና አስተናጋጇን በእጇ ጠራች።

ቦሌ፣ አንድ የቻይና ምግብ ቤት ውስጥ ነበርን። በመሀላችን የምንወደው ዶሮ አለ፤ ከነአጥንቱ በትንንሹ ተከትፎ፣ ተጠብሶ፣ ሙሉ የበርበሬ ዛላ ክምር ውስጥ የተቀበረ። እየቆፈሩ መፈለግ ነው። አብሮት የሚጠበሰው ፍሬ ምላስ ያደነዝዛል። ሲይዘን ከንፈራችን የሌላ ሰው ይመስለናል፣ እንባችን እየወረደ እንስቃለን።

እሷ የወሎ ሙስሊሞች ልጅ ናት። እኔ አንገት ላይ ማተብ አለ። እነሱ ቤት የታረደ እኔ አልበላም፣ እኛ ቤት የታረደ እሷ አትበላም። ከአንድ ሳህን ሥጋ የበላነው እዚህ ብቻ ነው። ቻይና ያረደው የማንም አይደለም ብለን፣ እሷ ከቡልቡላ እኔ ከየካ አባዶ፣ ታክሲ እየቀያየርን ስንመጣ ከርመናል።

«እህቴ፣ ዶሮውን የሚያርደው ማነው?»

አስተናጋጇ የእሷን ሻሽ አየች። «የሙስሊም ነው።» ቀጥላ ማተቤን አየች። «ማለቴ፣ የክርስቲያንም ነው።»

እኔ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

የአባቷ ወዳጅ ልጅ ቅዳሜ ሽማግሌ ሊልክባት ነው። ዶሮው ሳይመጣ ነበር የነገረችኝ።

«እምቢ እንድል ትፈልጋለህ?»

«እፈልጋለሁ።»

«እሺ ተጋባን በል። የት ነው የምንበላው? በየቀኑ ቻይና ቤት?»

«ሽሮ እንበላለን።»

«ሰርጋችንም ላይ ሽሮ?» ፈገግ ያለች መሰለኝ፣ ግን ወዲያው ጠፋ። «እናትህ ለበዓል ዶሮ ሠርታ ስትጠራኝስ? እናቴ አንተን ስትጠራህስ? ትበላለህ?»

እናቴን አሰብኩ። የበላሁ ቀን ፊቷ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። በምንበላበት የቀርከሃ እንጨት በርበሬውን አገላበጥኩ፣ መልሱ ሥሩ ያለ ይመስል።

«ገጣሚ አይደለህ? ግጥም ይወጣዋል» አለች። «ይህንንም ትጽፈዋለህ። ጥሩ አድርገህ ትጽፈዋለህ።»

«አንቺስ ትበያለሽ?»

«እኔም አልበላም» አለች ቀስ ብላ። «እሱ ነው የከፋው።»

ከክምሩ ውስጥ አንድ ቁራጭ አገኘች። እንደ ወትሮው አላጎረሰችኝም፤ በእኔ በኩል ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጠችው።

«ብላ፣ እየቀዘቀዘ ነው።»

ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። የመስታወቱ በር በራሱ ጊዜ ተመልሶ ተዘጋ።