በጣሊያን ሰፈር የጠፋው ጉትቻ

መካነ ሰላም የታሪክ መምህር ሆኜ በተመደብኩበት ዓመት ያንን ኮረብታ ያሳዩኝ ተማሪዎቼ ናቸው። ከከተማው በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ያስኬዳል። የአካባቢው ሰው «ጣሊያን ሰፈር» ይለዋል፤ በወረራው ዘመን ጦሩ ድንኳን ተክሎ የከረመበት ነው ይባላል። ዛሬ የቀረው እስከ ጉልበት የሚደርስ የድንጋይ ካብና የገብስ ማሳ ብቻ ነው። ክረምት ዝናቡ አፈሩን ሲያጥበው ግን ከሥር ዕቃ ብቅ ይላል፦ የጥይት ቀለህ፣ የዛገ ቆርቆሮ፣ የጠርሙስ ስባሪ። እኔ አልቆፍርም። ዝናብ ያወጣውን ብቻ እለቅማለሁ፤ የተገኘበትን ቦታ ደብተሬ ላይ እጽፍና ትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ባለች አንዲት የመስታወት ቁም ሳጥን አስቀምጠዋለሁ።

ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት። በተጋባን በመጀመሪያው ዓመት እሁድ እሁድ ትቻት እሄድ ነበር፤ አንድ ቀን፣

«እዚያ ኮረብታ ላይ ያለችው ሴት ማን ናት?» አለችኝ።

የቀለደች መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። በሚቀጥለው እሁድ ይዣት ወጣሁ።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እኔ በወር የማላገኘውን አገኘች። እኔ ቆሜ ወደ ሩቅ ሳይ እሷ ቁጢጥ ብላ መሬቱን እንደ ምስር ትለቅመዋለች። አንድ ጊዜ የጥፍር ስፋት ያላት ቢጫ ብረት አንስታ በቀሚሷ ጠረገቻት።

«የልብስ ቁልፍ ናት» አለች።

«ቁልፍ ብዙ አለኝ።»

«ይቺ ግን ከፋብሪካ የወጣች አይደለችም። ቀዳዳዎቹን እያቸው፤ አንዱ ወደ ጎን ሸሽቷል። ቁልፉ የጠፋበት ሰው ቀለህ ቀጥቅጦ የሠራት ናት።» ትንሽ አሰበችና፣ «ምስኪን፤ የሚሰፋለት ሰው አልነበረውም» አለች።

ለጠላት ወታደር ማዘን ለእኔ አዲስ ነገር ነበር። ያለችውን ቃል በቃል ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።

ከዚያ ወዲህ አብረን መውጣት ጀመርን። አንድ እሁድ አጎንብሰን ስንለቅም አንዲት አሮጊት ምርኩዛቸውን ይዘው ሁለት ጎረምሶች አስከትለው መጡብን። ኋላ እንደተረዳነው ማሳው የእሳቸው ነው።

«እናንተ! ወርቁን አወጣችሁት?» አሉ ገና ከሩቅ።

ጣሊያን ሲሸሽ ወርቅ ቀብሯል የሚለውን ወሬ በዚያ አገር ያልሰማ የለም። እኔ መታወቂያዬን ልፈልግ ኪሴን ስዳብስ ባለቤቴ የለቀምነውን ከፌስታሉ መሬት ላይ ዘረገፈችው። አሮጊቷ ጎንበስ ብለው በምርኩዛቸው ጫፍ አገላበጡት። የዛገ ቆርቆሮ። ሦስት ቀለህ። የበቅሎ ኮቴ ብረት።

«ለዚህ ነው በፀሐይ የምትንቃቁት?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ያረቢ!» ብለው እየሳቁ ካቡ ላይ ተቀመጡ። ጎረምሶቹ አፍረው ወረዱ። እሳቸውም ሳቃቸውን ሲጨርሱ፣ «በሉ ኑ፤ ውሃ እንኳ ጠጡ። አላህ ልብ ይስጣችሁ» ብለው ወደ ቤታቸው ወሰዱን።

ቤታቸው ከኮረብታው ሥር ነው። ባላቸው ከሞቱ ሦስት ዓመታቸው፤ ልጆቻቸው ገሚሱ ደሴ፣ ገሚሱ አረብ አገር ናቸው። ከዚያ በኋላ ሳንጎበኛቸው የተመለስንበት እሁድ የለም። አንድ ቀን ከሣጥናቸው የተቋጠረ ጨርቅ አውጥተው ለባለቤቴ ሰጧት። ስትፈታው አንዲት የብር ጉትቻ ናት።

«የማርትሬዛ ብር አስቀልጦ ለሠርጌ ያሠራልኝ ባሌ ነው» አሉ። «ጥንድ ነበረች። አንዷ እዚያ ላይ ጠፋች፣ ሙሽራ እያለሁ፣ በገብስ አረም ጊዜ። እሱ በየዓመቱ ሲያርስ በሬዎቹን አቁሞ ጓሉን በእጁ ይፈረፍር ነበር። ሰው ይስቅበት ነበር፤ ግን አልተወም። እናንተ ደግሞ ዓይናችሁ ትንሿን ነገር ያያል። ምናልባት...»

አልጨረሱትም። መጨረስም አላስፈለጋቸውም።

ገብሱ እስኪታጨድ ጠብቀን ፍለጋ ጀመርን። ማሳውን በገመድ ከፋፍለን፣ ባለቤቴ በልብስ መለኪያ ሜትሯ እየለካች፣ የታጨደውን መሬት በየስንዝሩ አየነው። ለታሪክ መምህር ደስ የሚል ብዙ ነገር ተገኘ፤ ጉትቻዋ ግን የለችም። ስንወርድ አሮጊቷ ደጃፋቸው ላይ ቆመው መጀመሪያ የሚያዩት እጃችንን ነው። ከዚያ፣ «አብሽሩ፣ አብሽሩ» ይሉናል፤ አጽናኞቹ እኛ መሆን ሲገባን።

ጥር ሲገባ፣ አንድ ቅዳሜ ከገበያ መልስ ባለቤቴ መዳፏን ዘረጋችልኝ። ጉትቻ! ልቤ ዘለለ።

«የት አገኘሽው?»

«ብር ሠሪ ጋ። ያሳዩን ቀን ቅርጹን በወረቀት ነድፌው ነበር። ነገ አገኘነው እንላቸዋለን።»

«አይሆንም።»

«ለምን?»

«ውሸት ነዋ! ያልተገኘውን ተገኘ ካልኩ ደብተሬ ላይ ያለው ሁሉ ምን ይረባል?»

«እሳቸው ደብተርህን አያነቡም» አለች። «ሰማንያ ሊሞላቸው ነው። እውነትህን ለቁም ሳጥንህ አስቀምጥለት።»

ተኳረፍን። እሁድ እንደተኮራረፍን ወጣን፤ እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ።

አሮጊቷ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ባለቤቴ ጉትቻዋን ከወረቀት አውጥታ ያዘችላቸው። እጃቸው በራሱ ተነሣ።

«አገኛችሁት?»

ያን ሁሉ የተከራከረችኝ ባለቤቴ አሁን ወረቀቱን ማጣጠፍ ያዘች። እኔ ደግሞ ያንን እጅ እያየሁ መቆም አቃተኝ።

«አዎ፣ እማማ፤ አገኘነው» አልኩ።

ባለቤቴ ዞር ብላ አየችኝ። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከዚያ እግራቸው ሥር ተንበረከከችና፣ «አላገኘነውም፣ እማማ። እኔ ነኝ ያሠራኋት። እሱ አዝኖልዎት ነው» አለች።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። አሮጊቷ ጉትቻዋን ተቀብለው መዳፋቸው ላይ ከፍ ዝቅ አደረጓት።

«ቀለለችኝ» አሉ። «ሳትነግሪኝም በእጄ አውቄዋለሁ።» ቀጥለው ጨርቁን ከሣጥን አስመጡና ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጧቸው። ብዙ ካዩ በኋላ ሻሻቸውን ወደ ኋላ ገፋ አደረጉ። «በይ አድርጊልኝ። በአንድ ጉትቻ ሰው ፊት አይወጣም ብዬ ይኸው ስንት ዘመኔ፤ ጆሮዬ ባዶ ነው።»

ግራው ገባ። የቀኙ ቀዳዳ ግን ተደፍኗል። ባለቤቴ ግራ ገብቷት ስታየኝ አሮጊቷ ደረቷ ላይ ወደ ተሰካችው መርፌ ጠቆሙ።

«ልብስ ሰፊ አይደለሽም? ውጊው።»

መርፌዋን በእሳት ለብልባ ስትጠጋ እሳቸው ሕመሙን ለመርሳት ይመስለኛል ማውራት ጀመሩ። በተጋቡ በአራተኛው ወር ነው፤ ሙሽራ ደግሞ አማት ፊት ከባሏ ጋር ቃል አትለዋወጥም። ሲያርሙ በረዶ ጣለባቸውና ሁለቱ ብቻ ሮጠው ከጣሊያን ካብ ሥር ተጠለሉ። ባልየው ሙሽራዋን በጋቢው ሸፈናት።

«ፊቱን በወጉ ያየሁት ያን ቀን ነው» አሉ። «ሲስቅ ጥርሱ ያምር ነበር። በረዶው ካባራ በኋላም ቆየን። ስንወርድ ጉትቻዬ የለችም። አማቴ ሲቆጡ እሱ ፈጠን ብሎ፣ ‹ይዤላት ሳለ በሬው ቢወራጭ እኔ ነኝ የጣልኩባት› አለ። ወላሂ፣ በዕድሜው ሙሉ ስለ እኔ የዋሸው አንዴ ነው።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንተም መዋሸት አትችልበትም። እሱም አይችልበትም ነበር።»

«አለቀ፣ እማማ» አለች ባለቤቴ።

«አለቀ?» ራሳቸውን ግራና ቀኝ ወዘወዙ። ሁለቱም ጉትቻ ተወዛወዘ። «በሉ ከእንግዲህ የእኔን አትፈልጉ። ባትጠፋ ኖሮ እሱ ስልሳ ዓመት ይፈልግልኝ ነበር?»

ስንመለስ ጎን ለጎን ሄድን። ከተማው መግቢያ ላይ ሚኒባስ አቧራ አልብሶን ሲያልፍ ባለቤቴ ክንዴን ያዘች። በእኛ ከተማ ባልና ሚስት በመንገድ ላይ እጅ ለእጅ አይያያዙም፤ ሰው ዞር እያለ አየን። አልለቀቀችኝም። እኔም እንድትለቀኝ አልፈለግሁም።