ጠበሉና የበሰበሰው ወለል

ሱፐርማርኬት ውስጥ የእንጉዳይ ፓኮ ሳነሳ እስከ ዛሬ ልቤ ድንግጥ ይላል። አትሳቁብኝ! ያ የእርጥብ እንጉዳይ ሽታ የቶተንሃሙ ቤታችን ሽታ ነው።

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ እናቴና እኔ እንግሊዝ አገር ተሰደን መጥተን ካውንስል፣ ያው የዚህ አገር ቀበሌ፣ የሰጠን አሮጌ ቤት ነበር። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ሳሎን ውስጥ፣ በሥዕለ ማርያሟ ስር ባለው ጥግ፣ ጠዋት ጠዋት ዝገት የመሰለ ቀይ አቧራ እናገኛለን። እናቴ ትጠርገዋለች፤ በማግስቱ ተመልሶ ቁጭ ይላል። «ይሄስ የጤና አይደለም» አለችና ከቤተ ክርስቲያን በጄሪካን ያመጣችውን ጠበል ጥጉ ላይ ታፈስ ጀመር። ክረምቱን ሙሉ፣ በየቀኑ! ወለሉ ከእግራችን ስር እንደ ዳቦ እየለሰለሰ ሄደ። በጣም ፈራሁ፤ ሳሎን ስገባ ግድግዳ ግድግዳውን ይዤ ነበር የምሄደው።

በኋላ የካውንስሉ ሰውዬ መጣ። ባትሪና ወረቀት ይዞ ሲገባ የእናቴ ፊት አመድ መሰለ። አገር ቤት አባቴን የወሰዱት ሰዎችም ባትሪና ወረቀት ይዘው ነበር የገቡት። ሰውዬው ተንበርክኮ ካቻቪቴውን ወለሉ ላይ ጫን ሲያደርገው እስከ እጀታው ሰመጠ። ጣውላውን ሲያነሳ ከስሩ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ወርሶታል፤ እንጨቱም ትናንሽ አራት ማዕዘን እየሆነ ተሰነጣጥቋል።

«ፈንገስ ነው፤ ቀዩ አቧራም ከሱ ነው። እርጥበት ካላገኘ አይኖርም። እዚህ ውሃ የሚያፈስ ሰው አለ?» አለኝ።

«ምን አለ?» አለች እናቴ። ቤቱን አበላሻችሁ ብለው ቢያስወጡንስ? የት እንገባለን? ብዬ አሰብኩ።

«ማንም የለም» አልኩት በእንግሊዝኛ።

ሥዕሏን አየ፤ መስቀል የተለጠፈበትን ጄሪካን አየ፤ እኔን አየኝ። ከዚያ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ የተሰነጠቀውን አሸንዳ ተመለከተና ወረቀቱ ላይ «አሸንዳ» ብሎ ጻፈ። «መጀመሪያ እሱን እንጠግናለን። ከዚያ የበሰበሰውን፣ ከሚታየው አንድ ሜትር አልፈን፣ ቆርጠን እናወጣለን፤ የቀረውን መድኃኒት እንቀባለን። እናትሽን ግን ጥጉ ደረቅ ይሁን በያት» አለኝ።

ስነግራት ጄሪካኑን ከጥጉ አነሳችው።

«እኔ ነኝ ያበላሸሁት?»

«አይደለም እማዬ፣ አሸንዳው ነው።»

ያመነችኝ አልመሰለኝም። ከዚያ ወዲያ ወለሉ ላይ አንዲት ጠብታ አላሳረፈችም። ጠዋት ትምህርት ቤት ስሄድ በር ላይ እኔን ብቻ ትረጨኛለች። «ኧረ እማዬ፣ ዩኒፎርሜ!» እያልኩ እሸሻታለሁ።

አሁን የራሴን ቤት ጣውላ በአውራ ጣቴ ጫን ጫን እያደረግኩ ቼክ አደርጋለሁ። ሁሉም ደረቅ ነው። በር ላይ የሚረጨኝም የለም።