ከስቱኮው ሥር

መሸሻ ወንድሙ በተቀበረ ቀን አላለቀሰም። ሰው ደረቱን ሲደቃ እሱ ቆሞ የሬሳ ሳጥኑን ክዳን ያይ ነበር፤ በአንደኛው ማዕዘን በኩል አልገጠመም። ዕድሜ ልኩን ላሜራ ሲቀጠቅጥ የኖረ ሰው ነውና ዓይኑ ከዚያች ክፍተት አልነሳ አለው። በሰልስቱ የሟቹ የመኳንንት ሚስት ሰርኬ፣ ለቀስተኛው ቀለል እስኪል ጠብቃ፣ «አንተ፣ ወንድምህ አልነበረም?» አለችው። ከዚያ ወዲህ አነጋግራው አታውቅም።

መሸሻ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ምንም አልተሰማውም፣ ያ ነው። ጠዋት ይነሳል፣ ከአስኮ ወደ ሳንሱሲ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለችውን ጋራዥ ይከፍታል፣ ምሳ የበላው ሽሮ ይሁን ምስር ማታ ላይ አያስታውሰውም። ሰፈሩ በበኩሉ ልቡ ድንጋይ ነው ብሎ ፈረደበት። ሰፈር መቼም ፍርድ አያልቅበትም፤ የሰው ቤት ጓዳ እስኪገባ ድረስ ግን ምን ያውቃል?

ወንድማማቾቹ ያረጁት እዚያችው ጋራዥ ውስጥ ነው። ታላቁ መኳንንት ከውጭ በመዶሻ ይመታል፤ መሸሻ መኪናው ሥር በጀርባው ተንጋሎ ላሜራውን ከውስጥ በብረት ይደግፋል። ቦዲው መሃላቸው ስለሚሆን አይተያዩም፤ በዚያ ሁካታ ላይ መነጋገርም አይሞከርም። ስለዚህ መኳንንት በመዶሻው እጀታ ያንኳኳለት ነበር። ሁለቴ ካንኳኳ አልቋል፣ ወደሚቀጥለው እለፍ ማለት ነው። አንዴ ካንኳኳ ደግሞ ገና ነው፣ ያዝ ማለት ነው። መሸሻ ሁለተኛዋን ማንኳኳት ሳይሰማ እጁን አንስቶ አያውቅም። ምሳ ታመላልስላቸው የነበረችው ሰርኬ እንኳ ይህን ቋንቋ ለምዳው፣ ድስቱን ስትከፍት አንዴ እያንኳኳች ታሾፍባቸው ነበር።

መኳንንት በሞተ በጥቂት ወራት ውስጥ አንዲት አሮጌ የውድድር መኪና በአይሱዙ ተጭና መጣች። ጣሪያ የሌላት፣ አፍንጫዋ ሾጠጥ ያለ፣ ወንድማማቾቹ በጉርምስናቸው ቦዲዋን በእጃቸው የሠሩላት መኪና ነች። የባለቤቷ ልጅ አባቱ የተወዳደረባትን መኪና እንደ ድሮዋ ሊያያት ፈልጓል። ሞተሯና ሻንሲዋ ደህና ነበሩ፤ ቦዲዋን ግን ዝገት ጨርሶታል። ስለዚህ ውዳሴ የምትባል ወጣት መሐንዲስ ስካነሯን ይዛ መጣች። ቀለሙና ከሥሩ ጎርባጣው የተደፈነበት ስቱኮ ተፍቆ የላሜራው ቅርጽ በጨረር ይለካል፤ ልኩ ኮምፒውተር ውስጥ ይስተካከላል፤ ከዚያ ቅርጹ በማሽን ታትሞ አዲሱ ቦዲ በእሱ ላይ በፋይበር ግላስ ይሠራል።

ስቱኮውን መሸሻ ራሱ ፋቀው። ውዳሴ ለክታ ስትጨርስ ኮምፒውተሩን ወደ እሱ አዞረችለት። መኪናዋ ግራጫ ሆና እየዞረች አፍንጫዋ ላይ የመዶሻ ምት ተጨናንቆ ታየ። መሸሻ ቦታውን ያውቀዋል። ሰርኬ ለጋብቻ እሺ ያለች ሰሞን መኳንንት ስለ እሷ እያወራ አንዱን ቦታ ሲደበድብ ውሎ ላሜራውን አጎረባበጠው፤ ተሳስቀው በስቱኮ ደፈኑት። ነገሩ የቤት ውስጥ ቀልድ ሆኖ ኖረ፤ መኳንንት «ሚስቴን ያገባኋት እዚያች መኪና አፍንጫ ላይ ነው» ይል ነበር።

«ልተወው ወይስ ላለስልሰው፣ ጋሽ መሸሻ?» አለች ውዳሴ።

ላሜራ ሠሪ ዘንድ የመዶሻ ምት እየታየ ሥራ ማስረከብ ነውር ነው። መሸሻም የተጠየቀው ስለ ሥራ መሰለው እንጂ ሌላ ነገር በሐሳቡ አልመጣለትም።

«አለስልሺው» አላት። አሮጌውን ላሜራም ቆራሌው ሲያልፍ ጠርቶ ሰጠው። ሰው እንዲህም ይደነዝዛል።

አዲሱ ቦዲ በሚገጠምበት ቀን ሰርኬ መጣች። ስቱኮው ተፋቀ ሲባል ሰምታ የባሏን የመዶሻ ምት ልታይ ኖሯል። መሸሻ መኪናዋ ሥር ተንጋሎ የአፍንጫዋን ብሎን እያጠበቀ ነበር፤ ድምፅዋን ሰማና ማጥበቁን ቀጠለ። ሰርኬ ከውዳሴ ጋር ሰላምታ ተለዋወጠች፣ ነጠላዋን ሰበሰበች፣ ከዚያ መዳፏ ፋይበር ግላሱን ሲዳብስ ከውስጥ ተሰማው። ዳበሰች፣ ተመለሰች፣ ደግማ ዳበሰች።

«መሸሻ፣ የታለ?»

ከሰልስቱ ወዲህ ስታናግረው ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

«አስተካከልኩት» አለ ከሥር። ለደንበኛ የሚሰጠው መልስ ነው፤ ካፉ ከወጣ በኋላ ምን እንዳደረገ ገባው። የወንድሙን እጅ አስጠፍቷል። ያን ሁሉ ዓመት በስቱኮ ሸፍነው ያቆዩትን በአንድ ቃል አስጠፋው።

ብሎኑ ጠብቋል፣ ሥራው አልቋል፣ የመሸሻ እጅ ግን እንደ ልማዱ ቦዲውን ከውስጥ ደግፎ ቀርቷል። ሰርኬ ከውጭ በቀለበቷ አንዴ አንኳኳች።

መሸሻ ጠበቀ። ሁለተኛው አልመጣም። መኳንንት እንደሌለ ያን ጊዜ ገባው፤ ተንጋሎ ነበርና እንባው በጆሮ ግንዱ በኩል ወረደ፣ ትንፋሹም ተቆራረጠ። ውዳሴ ጎንበስ ብላ፣ ጋሽ መሸሻ ጨርሰዋል ወይ ብላ ጠየቀች።

«ገና ነው፣ ተይው» አለቻት ሰርኬ።

መሸሻም እጁን ሳያነሳ ያዘ።