ጋሽ ፍቃዱ ስህተታቸውን ያቀረቡበት ቀን

ዛሬ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ሆኜ የድሮ ተማሪዎች የቴሌግራም ግሩፓችንን ስከፍት የጋሽ ፍቃዱን ፎቶ አየሁ። ከሥሩ የተጻፈውን መርዶ ሳነብ የሌላ ሰው መሰለኝ። ባለፈው ሐሙስ እኮ በስልክ አውርተናል። ቤታቸው ደወልኩ፤ ያነሳችው ልጃቸው ነበረች። «እውነት ነው» አለችኝ። ቦሌ ላይ መውረድ ነበረብኝ፤ «ወራጅ አለ» ማለት አቅቶኝ መገናኛ ድረስ ሄድኩ።

ለማታውቋቸው፣ ጋሽ ፍቃዱ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ያስተማሩኝ፣ በኋላም የማስተርስ አማካሪዬ የነበሩ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን የሰጡት ለአንድ ነገር ነው። ወረቀት ላይ ነጥቦች አድርጉና አንዱ መስመር ሌላውን ሳያቋርጥ አገናኟቸው፤ በሁለት ነጥቦች መካከል ከአንድ መስመር በላይ አይፈቀድም። የፈለጋችሁትን ያህል ብታበዙት፣ ከአምስት በላይ ጎረቤት፣ ማለትም በመስመር የተያያዘው ሌላ ነጥብ፣ የሌለው ነጥብ የግድ የሆነ ቦታ ይኖራል።

እኛን ያስጀመሩን ግን በካርቶን ነው። አንደኛ ዓመት እያለን፣ ባለ ስድስት ጎን ቁርጥራጮችን ብቻ ገጣጥማችሁ ኳስ የሚመስል ነገር ሠርታችሁ ኑ አሉን። ቅዳሜና እሁድ ቦሌ ሚካኤል እናቴ ቤት ወለል ላይ ተቀምጬ የጫማ ካርቶን ስቆርጥ፣ በስኮች ስለጥፍ ዋልኩ። አልታጠፍ አለኝ። ሰኞ እንደ ምንጣፍ የተዘረጋ ነገር ይዤ ገባሁ፣ አፍሬ። እሳቸው መቀስ አነሱና ከመሃሉ አንድ ሽራፊ ቆርጠው አወጡ፤ ጠርዞቹን መልሰው ሲያጋጥሟቸው መሃል ያለው ባለ አምስት ጎን ሆነ። ካርቶኑ ወዲያው ጎበጥ አለ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔ ግን ሒሳብ የወደድኩት ያኔ ነው።

«ጎረቤቶቹን አሳዪኝ» ይሉ ነበር ሁልጊዜ። አንድ ነጥብ አስቸገረኝ ብላችሁ ስትሄዱ ነጥቡን ትተው ዙሪያውን ነው የሚያዩት። ሰው ላይም እንደዚያው ነበሩ። ተማሪ ከክፍል ሲቀር መጀመሪያ የሚጠይቁት ከማን ጋር እንደሚቀመጥ ነው።

ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት ሲቀራቸው ዘጠኝ ዓመት የለፉበትን ማረጋገጫ ጨረሱ። ሁሉም ነጥብ ቢያንስ አምስት ጎረቤት ቢኖረው እንኳ፣ ጎረቤታቸው ያልበዛ ነጥቦች ተያይዘው የሚገኙበት ቦታ አለ። ያልበዛ ማለት እስከ ስንት ድረስ ነው? ጥያቄያቸው ይሄ ነበር። መልሱን በስንብት ንግግራቸው ላይ ሊያቀርቡ አስበው፣ ሥዕሎቹን እንዳስተካክልላቸው ረቂቁን ያኔ የማስተርስ ተማሪያቸው ለነበርኩት ለእኔ ሰጡኝ።

አሥራ አንደኛው ገጽ ላይ «ይህ ሊሆን አይችልም» ብለው ያለፉት ሁኔታ ነበር። እስቲ ብዬ ለመሳል ሞከርኩ። ተሳለ፤ ማረጋገጫው ፈረሰ ማለት ነው። ደጋግሜ ሳልኩት፣ የተሳሳትኩት እኔ እንድሆን እየጸለይኩ።

ሳምንት ሙሉ ዝም አልኩ። በመጨረሻ ለሚ ኩራ፣ ኮንዶሚኒየማቸው ድረስ ሄድኩ። ባለቤታቸው እትዬ ሮማን ምሳ ካልበላሽ ቢሉኝም መቀመጥ እንኳን አልቻልኩም። ወረቀቱን ሰጠኋቸው። ጋሽ ፍቃዱ እርሳስ አንስተው የእያንዳንዱን ነጥብ ጎረቤቶች ቆጠሩ። እንደገና ቆጠሩ። ከዚያ መቼ እንዳገኘሁት ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው።

«ሳምንቱን ሙሉ ብቻሽን ይዘሽው ከረምሽ?» አሉኝ።



የንግግሩን ርዕስ ይቀይሩ ብዬ ለመንኳቸው፤ እምቢ አሉ። በቀኑ አዳራሹ ሞልቷል፣ የሥራ ባልደረቦቻቸውም ቤተሰቦቻቸውም አሉ። ተነሥተው እንዲህ አሉ፦ «ዛሬ አንድ ማረጋገጫ ላቀርብላችሁ ነበር። ስህተት አለበት። ያገኘችው ተማሪዬ ሕይወት ናት፤ መጥታ ታሳያችሁ።» ቾኩን ሰጡኝ። ሰሌዳው ላይ ስስል፣ እሳቸው የፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው እንደ ተማሪ ማስታወሻ ይይዙ ነበር።

ከዚያ በኋላ ዓመት ተኩል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቦሌ አንድ ካፌ እየተገናኘን አብረን ሠራን። ያገኘነው ቁጥር እሳቸው ከተመኙት ይበልጣል፤ ግን ትክክል ነው። በሁለታችን ስም ታተመ። የተመኙት ቁጥር እውነት ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ጋሽ ፍቃዱ፣ ያልነገርኩዎት አንድ ነገር አለ። ያን ቀን ቤትዎ ስመጣ ትምህርቱን ለመተው ወስኜ ነበር። የመልቀቂያ ደብዳቤዬ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ከተቆጡኝ ልሰጥዎት። እርስዎ ግን ደረጃው ድረስ ሸኝተውኝ ነገ ሁለት ሰዓት ነይ፣ እንጀምራለን አሉኝ። ታክሲ እስክይዝ እንኳን አልጠበቅኩም፤ ደብዳቤውን መንገድ ላይ ቀደድኩት።

ይሄን በሕይወት እያሉ ልነግርዎት ይገባ ነበር። ደህና ይሁኑ፣ መምህሬ።