ደረጃ የሌለው ቤት

ባለፈው እሑድ ናቲ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር አምጥቶ ሲደቅነው ሐብሐብ እየቆረጥኩ ነበር። ናቲ የጓደኛዬ ልጅ ነው። እዚሁ ላስ ቬጋስ ተወልዶ አድጎ፣ አየር ኃይል አገልግሎ በቅርቡ የተመለሰ፣ አማርኛው ቢሰባበርም ማውራት የማይሰለቸው ልጅ። አሁን ኮሌጅ ሊገባ ነው።

«ኦንቲ፣ ይሄን እዪ። የኮሌጁን ዚፕ ኮድ አስገባሁ። ለሀውሲንግ በየወሩ የሚሰጡኝ ይሄን ነው። አፓርታማ አግኝቻለሁ፣ ነገ ሊዙን ሳይን አደርጋለሁ።»

ቁጥሩን አየሁት። ከሥሩ በደቃቅ ፊደል «ይህ ግምት ነው» ይላል። ቢላዋውን አስቀመጥኩ። ያቺን መስመር ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል፤ ስንት ዓመት አልፎም አልበረደልኝም።

እኔም እንደ ናቲ ወጣት ሳለሁ ወታደር ነበርኩ። ዲቪ ደርሶኝ ብቻዬን መጣሁ፣ ብዙም ሳልቆይ ሠራዊቱን ተቀላቀልኩ፣ ዜግነቴን ሳገኝ አባዬን አስመጣሁት። አባዬ ራሱ አገር ቤት የድሮው ጦር ወታደር ነበር። ሰሜን ላይ ጉልበቱን ተመትቷል። ጦሩ ሲበተን እሱም እንደ ጓደኞቹ እያነከሰ ባዶ እጁን ቤቱ ገባ፤ ጡረታ የለ፣ ካሳ የለ፣ የት ወደቅህ ያለው የለ። ከአሜሪካ ደውዬ ወታደር ልሆን ነው ያልኩት ቀን «መንግሥት ቃሉን በጽሑፍ ይሰጥሻል?» ብሎ ጠየቀኝ። «ይሰጠኛል» አልኩት። አምኜ ነበር ያልኩት።

አገልግሎቴን ስጨርስ ኮሌጅ ተመዘገብኩ። ለማያውቅ ላስረዳ፤ እዚህ አገር ያገለገለ ወታደር ሲማር መንግሥት የትምህርቱን ይከፍልለታል፣ በየወሩም የቤት አበል ይሰጠዋል። አበሉ የሚተመነው ተማሪው በሚኖርበት ሳይሆን ኮሌጁ ባለበት ሰፈር የኪራይ ዋጋ ነው። የኮሌጁ አማካሪ ስክሪኑን ወደ እኔ አዙሮ ግምቱን አሳየኝ። እኔም እሱን ተማምኜ ዊትኒ በሚባለው ሰፈር ባለ አንድ መኝታ ቤት ተከራየሁ። ቤቷ የምታስቀና አልነበረችም። ምንጣፏ የቆየ ሲጋራ ይሸታል፣ መስኮቷ የሚያየው የቆሻሻ ገንዳውን ነው። ግን ደረጃ የላትም። አባዬ በሩን ከፍቶ እግሩን ካነሳ ደጅ ነው። ፀሐዩ ሳይከር ማለዳ ምርኩዙን ይዞ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ይሄድና ከካዚኖ የሌሊት ሺፍት የሚመለሱትን ሰዎች ሰላም ይላል። ቋንቋቸውን ሳያውቅ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ተዋወቀው። ከመጣ ጀምሮ እንደዚያ ፊቱ ሲፈታ አይቼው አላውቅም።

እኔ ያኔ፣ ዛሬ ሃሪ ሪድ በሚባለው አየር ማረፊያ፣ የተሳፋሪ ዊልቸር እገፋ ነበር። ትምህርቱ ሊጀመር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ከኮሌጁ ኢሜይል መጣ። በአካል ልማረው የነበረው አንድ ክፍል፣ የተመዘገበው ተማሪ ስላነሰ ወደ ኦንላይን ተዛውሯል፤ «ለእርስዎም የበለጠ ምቹ ይሆናል» ይላል። የቀሩት ትምህርቶቼ ቀድሞውንም ኦንላይን ነበሩ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ለሺፍቴ ተመቸኝ። በአንዱ በረራና በሌላው መካከል በፎይል የጠቀለልኩትን ዳቦ እየገመጥኩ ስልኬ ላይ አነባለሁ፣ አባዬ ሲተኛ ደግሞ ኩሽናው ጠረጴዛ ላይ ፈተናዬን እሠራለሁ።

አበሉ የሚከፈለው ወሩ ካለፈ በኋላ ነው። ሲገባ ካሳዩኝ ግምት ግማሽ ያህሉ እንኳ አልነበረም። ስሕተት መስሎኝ አበሉን ለሚከፍለው መሥሪያ ቤት ደወልኩ። ሙዚቃ ሲያሰሙኝ ቆይተው አንዲት ሴት ነገረችኝ፤ ትምህርቱ በሙሉ ኦንላይን የሆነ ተማሪ የሚታሰብለት የአገሪቱ አማካይ የቤት አበል ተወስዶ፣ እሱም ለሁለት ተከፍሎ ነው። ቢያንስ አንዱን ክፍል በአካል መማር ነበረብሽ አለች።

እስቲ ፍረዱኝ። ክፍል ሄዶ ከሚማረውና ቤቱ ተቀምጦ ከሚማረው፣ ቤት የበለጠ የሚያስፈልገው ለማን ነው? የእኔ ቤት መኝታዬም፣ ቤተ መጻሕፍቴም፣ መማሪያ ክፍሌም ነበር። ይህን ሁሉ ለሆነው ቤት ነው ግማሹ ይበቃሻል የተባልኩት። አከራዮቹ ቢሮ ሄጄ «ትምህርቴ ኦንላይን ስለሆነ ኪራዩንም ግማሽ አድርጉልኝ» ብል ምን ይሉኝ ይሆን? ደግሞ ኦንላይን ልማር ብዬ የመረጥኩት እኔ አይደለሁም። አማካሪው ዘንድ ሄጄ ስጮህ ወረቀቶቹን እያስተካከለ «ግምት ነው ብዬሽ ነበር እኮ» አለኝ።

አባዬ ስነግረው አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «የእነሱም እንደኛው ነው ለካ» ብሎ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ከአበሉ ይልቅ ያንገበገበኝ ይሄ ነው። ይሰጠኛል ያልኩት እኔ ነኝና።

ትንሽ ቆይቶ ግን ስልኩን አንስቶ አቶ ዘውዴ ዘንድ ደወለ። አቶ ዘውዴ ለዓመታት ታክሲ የነዱ፣ እዚህ ከተማ ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ሸሪክ ከሸሪኩ ሲካካድ የሚጠሩ ሽማግሌ ነበሩ። «ከኮሌጁ ጋር አስታርቁን» አላቸው። እዚህ አገር እንዲህ አይሠራም ብል ማን ሰምቶኝ።

አቶ ዘውዴና አንድ ጓደኛቸው በዚያ ሙቀት ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው መጡ። በአቶ ዘውዴ መኪና ሄድን። ኮሌጁ ስንደርስ አባዬ አልወርድም አለ። «እኔ ባለጉዳይ ነኝ። ባለጉዳይ ከሽማግሌ ጋር አይገባም» ብሎ ኤሲ ተከፍቶለት መኪናው ውስጥ ቀረ። የቀድሞ ወታደሮች ቢሮ ምድር ላይ ነው። ከመኪና ማቆሚያው እስከ በሩ ለዊልቸር እንዲመች ተስተካክሎ የተሠራ፣ አንዲት ደረጃ የሌለው።

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ እስኪባሉ ቆመው ጠበቁ። ተቀመጡ ያላቸው ግን የለም። ሠራተኛዋ ግራ ገብቷት «ጠበቆቿ ናችሁ?» አለች።

«ሽማግሌዎቿ ነን» አሉ አቶ ዘውዴ ረጋ ባለ እንግሊዝኛ። «ለጠብ አልመጣንም። ክፍሉን የዘጋችሁት እናንተ ናችሁ፣ የተቀጣችው እሷ ናት። ይህን እንዴት እናስተካክለው?»

ሴትየዋ የተማሪ ጉዳይ ለሌላ ሰው አይነገርም አለች። እኔ ይነገራቸው ብዬ ፈረምኩ። ሕጉን የኮሌጁ ሰው ሊለውጠው እንደማይችል አስረዳችን፣ አቶ ዘውዴም አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሟት፤ ግን ንቅንቅ አላሉም። ሁለት ከረባት ያሰሩ ሽማግሌዎች ፊቷ ቆመው ሲጠብቁ ጊዜ እንደገና ኮምፒውተሯን ከፈተች። በመጨረሻ በሴሚስተሩ አጋማሽ የሚጀምር፣ በአካል የሚሰጥ አንድ ክፍል አገኘችልኝ። የንግግር ትምህርት ነው። ሰዓቱ ከሺፍቴ ጋር ይጋጫል።

«ትገባለች» አሉ አቶ ዘውዴ፣ እኔን ዞር ብለው እንኳ ሳያዩኝ።

ገባሁ። አስተማሪያችን አብዛኛውን ጊዜ መብራቱን አጥፍቶ የሰው ንግግር በቪዲዮ ያሳየን ነበር። ያንኑ ቪዲዮ ኩሽናዬ ውስጥ ባየው ግማሽ አበል፣ እዚያ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ሆኜ ሳየው ሙሉ አበል። በጨለማው ውስጥ ጥርሴን ነክሼ እቀመጥ ነበር።

ሙሉው እስኪመጣ ግን አከራዮቹ አልጠበቁንም። ዊትኒን ለቀን አቶ ዘውዴ ቤት ፎቅ ላይ ያለች ክፍል ገባን። ሰዎቹ ደጎች ነበሩ። የምስር ወጡ ሽታ ከታች ሲመጣ የእኛም ድርሻ አብሮ ይመጣል። አባዬ ግን መውረድ አቃተው። አንድ ቀን ከሥራ ሳልታሰብ ተመልሼ በሩን ስከፍት፣ ምርኩዙን ታቅፎ፣ ደረጃውን በመቀመጫው እየተንሸራተተ ሲወርድ አገኘሁት። ሰው እንዳያየው የአቶ ዘውዴ ባለቤት ወደ ሱቅ እስኪሄዱ ጠብቆ ነበር። ከዚያ በኋላ ብርዱን ወቅት መስኮት ሥር ተቀምጦ አሳለፈው።

ዛሬ የምንኖረው ሲልቬራዶ ራንች የሚባል ሰፈር፣ የራሴ ቤት ነው። ስገዛው ደላላዋ ስለ ኩሽናው ስታወራ እኔ የማየው መግቢያውን ነበር። ሰው ዓመታት ሲያልፉ ይረሳል ይሉኛል። ያን ደረጃ ያላየ ይርሳ። ወታደር ሲሄድ ግምት ሰጥቶ አይደለም የሚሄደው፤ መላ ሰውነቱን ነው የሚሰጠው።

«ስንቱ ክፍልህ በአካል ነው?» አልኩት ናቲን።

«አንዱ።»

«ቢሰረዝስ?»

«ኦንቲ፣ ኤስቲሜት… ግምት እኮ ነው» አለና ሳቀ። ፊቴን ሲያይ ሳቁን አቆመ። ሁለተኛ ክፍል በአካል ሳትመዘገብ፣ ክፍሎቹም ሳይጀመሩ ምንም እንዳትፈርም አልኩት። ቅር ቢለውም እሺ አለኝ።

አባዬ ሶፋው ላይ የሐብሐቡን ፍሬ እየለቀመ ያዳምጥ ነበር። «ከሰረዙበት ሽማግሌ እንልካለን» አለ።

«አቶ ዘውዴ እኮ አሁን ከአልጋ አይነሱም፣ አባዬ።»

«እኔ አለሁ አይደል? በናቲ ነገር ባለጉዳይ አይደለሁም» አለና ምርኩዙን ወደ ራሱ ሳበ። «ቢሮው አሁንም ደረጃ የለውም?»

«የለውም።»

«እንግዲያው ሙሉ ልብሴን ላውንደሪ ስጪልኝ።»